አንዲት «እና» ያስከፈለችን 50 ሪያል
(አርብ ከሰዓት በአል ቡስታን በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከሩዊም ከመጥራሕም ታክሲ ተጋርታችሁ እስከዚህ አል ቡስታን ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አርብን ሙሉ ያላገኛችሁ፣ «ሁለት ሰዓት ብቻ» ተብላችሁ የወጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም። ሁልጊዜ እንደዚህ ብዬ ነው የምጀምረው፣ እንግዲህ ታውቁኛላችሁ።

ባለፈው ሳምንት «ስለ ሎጂክ ልናገር ነው» ስላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። አንዷማ «ይሄ የዩኒቨርሲቲ ነገር ለእኛ ለብረት ድስት አጣቢዎች ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ምን እንደሚያደርግ ከራሴ ጥፋት ጀምሬ ልንገራችሁ።

የሳጥናችን ደንብ፣ ሦስተኛው ቁጥር፣ እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ የወጣች ወይም የታመመች እና ስድስት ወር ያዋጣች አባል 50 ሪያል ትረዳለች።» አንዲት እህታችን ከሥራ ወጥታ፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና እርዳታ ጠየቀች። ያዋጣችው አራት ወር ነበር። ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ ደብተሩን ገለጥኩ፣ «ስድስት ወር አልሞላሽም፣ ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ። እጅ አወጣን፣ አለፈ። እሷም ዝም ብላ ተነስታ ሄደች። ሦስት ሳምንት ሰው ቤት ወለል ላይ ተኝታ፣ ተበድራ ነው ያለፈችው።

ከዚያ በኋላ አሮጌውን ደብተር ወደ አዲሱ ስገለብጥ አንድ ነገር አየሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ እህት ከሥራ ወጥታ፣ ሦስት ወር ብቻ አዋጥታ፣ 50 ሪያል ተሰጥቷታል። ደንቡ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የእኔ ነው! ያን ጊዜ አንብቤ «ይገባታል» ያልኩት እኔ፣ ዘንድሮም አንብቤ «አይገባትም» ያልኩት እኔ። የመጀመሪያዋን ወድጄ ሁለተኛዋን ጠልቼ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል። ሁለቱንም ጊዜ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። ታዲያ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ሁለት ነገር ይላል?

ነገሩ ከትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ደሴ 11ኛ ክፍል ስንማር የሒሳብ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ስቴትመንት እና ስለ ኮኔክቲቭ የሚል ትምህርት ነበር። ፒ እና ኪው በሚባሉ ፊደሎች የተሞላ ሰንጠረዥ ነው። ለፈተና ሸመደድኩት፣ ከፈተና በኋላ ረሳሁት። ፒ ማን እንደሆነ፣ ኪው የማን ልጅ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች አንደኛ ዓመት ላይ ሒሳብን በዚሁ ነገር እንደሚጀምሩ ነግረውኛል። ኮኔክቲቭ የሚሉት የአማርኛ መምህራችን «መስተፃምር» ይለው ከነበረው ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያያይዙት እነዚያ ትንንሽ ቃላት፦ እና፣ ወይም፣ ከሆነ።

መጀመሪያ ግን የሚያያዘው ነገር። ስቴትመንት ማለት እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም። እዚህ አደባባዩ ላይ የቆመችው ትልቋ የእንጨት መርከብ ሶሐር ትባላለች፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከሙስካት ተነስታ በ1981 ቻይና የደረሰች ናት። ይሄ ስቴትመንት ነው፣ እውነትም ነው። «የአል ቡስታን ቤተ መንግሥት ሆቴል የተከፈተው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው» ብላችሁ ይሄም ስቴትመንት ነው፤ ግን ሐሰት ነው፣ የተከፈተው በ1985 ነው። ሐሰት መሆኑ ስቴትመንትነቱን አይነሳውም።

«ወለሉን ጥረጊ» ግን ስቴትመንት አይደለም። «ሻይ የት አለ?» አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ የምንሰማውን ብትቆጥሩት አብዛኛው ትእዛዝና ጥያቄ ነው፤ «ውሸት ነው» ልትይው አትችይም፣ «እሺ» ወይም «እንቢ» ብቻ ነው ያለው። ደመወዝ የሚሰጥ ሰው «ከዚህ ወር ጀምሮ 10 ሪያል ጨምሬልሻለሁ» ሲል ግን ስቴትመንት ነው። ወሩ ሲያልቅ ተቆጥሮ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። ጆሯችሁ ይህን ለይቶ ይስማ።

አንድ ሦስተኛ ዓይነት አለ፣ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ነው። «እሷ ከሐረር መጣች» ብላችሁ እውነት ነው ሐሰት? አይታወቅም፣ እሷ ማን ናት? ቦታው ባዶ ነው። ባዶው እስኪሞላ ድረስ ስቴትመንት አይደለም። አሁን «የወር ደመወዝ ...... ሪያል» የሚል ውል አስቡ። አገር ቤት ሳለን በችኮላ ስንፈርም ስንቶቻችን እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ላይ ፈርመናል? እኔ ፈርሜያለሁ። ውል የፈረምኩ መስሎኝ ነበር። የፈረምኩት ገና እውነትም ሐሰትም ያልሆነ ነገር ላይ ነው፤ እውነቱን በኋላ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ በእኔ ፊርማ።

አሁን ወደ «እና»። «ልብሱን አጠብኩ እና ወለሉን ጠረግኩ።» ይህ እውነት የሚሆነው ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያያዝ አራት ዕድል አለ፦ ሁለቱም እውነት፣ የመጀመሪያው ብቻ፣ ሁለተኛው ብቻ፣ ሁለቱም ሐሰት። ያ የሸመደድኩት ሰንጠረዥ ለካ ይሄ ነው። «እና» ከአራቱ አንዱን ብቻ ትቀበላለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አስቡት፦ በሩ ተዘግቷል እና ቁልፉ ተጭኗል፣ ያን ጊዜ ይዞራል። በሩ ክፍት ከሆነ ቁልፉን አሥር ጊዜ ብትጫኚው አይዞርም። ይሄ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች በእነዚሁ «እና»፣ «ወይም» ሕግ እንደሚሠሩ አሳየ። ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

እሱ የተጠቀመበትን ሒሳብ ያወጣው ደግሞ ጆርጅ ቡል ነው። የእንግሊዝ ጫማ ሠሪ ልጅ ነበር። ሒሳቡን አብዛኛውን በራሱ አንብቦ ነው የተማረው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይማር ነው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የሆነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሐሳብ ሕጎች ነው። ይህን የነገርኳችሁ ለዚያች «ብረት ድስት አጣቢ» ላለችን እህት ነው።

የ«እና»ን ክብደት የሚያሳይ ከአገራችን ሕግ አንድ ልጥቀስ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ለሥራ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት ይል ነበር። (አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል፣ አሁን የምለው ስለመጀመሪያው ነው።) ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ማረጋገጫ የሌላት አታልፍም። ማረጋገጫ ይዛ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችም አታልፍም። በዚያች «እና» ምትክ «ወይም» ተጽፎ ቢሆን ሁለቱም ያልፉ ነበር። ያኔ ስንት ልጅ ነው ለአንዷ ቃል ሲል በሌላ መንገድ የሄደው!

ፊርማ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። ከአሠሪ ስትለያዩ የሚሰጣችሁ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «ደመወዜን እና የቲኬቴን እና ሌላ የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» ይላል። በዐረብኛው «ወ» የምትባለዋ አንዲት ፊደል ናት፤ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተጣብቃ ስለምትጻፍ አትታይም። ደመወዝሽን አግኝተሽ ቲኬቱን ካላገኘሽ ያ ወረቀት በሙሉ ሐሰት ነው። ግማሽ እውነት የሚባል ነገር የለም። «ደመወዙንማ ሰጡኝ፣ ብፈርም ምን አለበት» አትበሉ። ያልተቀበላችሁት ይሰረዝ፣ ወይም ከታች «ቲኬት አልተቀበልኩም» ተብሎ ይጻፍ፣ ከዚያ ይፈረም። ማንበብ ካልቻላችሁ ፎቶ አንስታችሁ በዋትስአፕ ላኩልን፤ ዐረብኛ የምታነብ አለችን።

«ግን»ስ? «ደመወዝ ሰጡኝ ግን ቲኬት አልሰጡኝም።» በሎጂክ «ግን» ከ«እና» ጋር አንድ ናት። ለእውነትና ለሐሰት የምትጨምረው ነገር የለም፣ ቅሬታችንን ነው የምትጨምረው።

ስለ «አይደለም» አጠር ላድርግ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያደናግራል። «ሁሉም አልመጡም» ብዬ ብናገር ማንም አልመጣም ማለቴ ነው፣ ወይስ የቀሩ አሉ ማለቴ ነው? ሁለቱንም እንልበታለን። የ«ሁሉም ልጆች ደመወዛቸውን አግኝተዋል» ተቃራኒ «ማንም አላገኘም» አይደለም፤ «ቢያንስ አንዷ አላገኘችም» ነው። ይህ ይጠቅማል። አንድ መክተብ «የላክናቸው ልጆች ሁሉ ተከፍሏቸዋል» ሲል ያን ሐሰት ለማድረግ ሃምሳ ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም። ያልተከፈላት አንዲት ልጅ ትበቃለች።

«ወይም» ላይ አማርኛ ከብዙ ቋንቋ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለት ቃል አለን። «ሻይ ወይስ ቡና?» ስንል ምረጪ ማለት ነው። «ሻይ ወይም ቡና ጠጥታለች» ስንል ግን መናገር ነው፤ ሁለቱንም ጠጥታ ቢሆንስ? በሎጂክ ልማድ «ወይም» ሁለቱም ቢሆኑም እውነት ናት። የምትወድቀው ሁለቱም ሐሰት ሲሆኑ ብቻ ነው። የውጭው በርም የጓሮውም በር ደወል አላቸው እንበል፤ አንዱ ቢጫን ወጥ ቤት ይጮኻል፣ ሁለቱም ቢጫኑም ይጮኻል። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ደንባችን ስመለስ አነሳታለሁ።

አሁን ወደሚያስለቅሰው። «ከ…» ወይም «ከሆነ»።

«ሁለት ዓመት ከጨረስሽ ቲኬት እገዛልሻለሁ።» ይህ ቃል መቼ ነው የሚፈርሰው? ሁለት ዓመት ጨርሰሽ ቲኬት ካልተገዛልሽ፣ ያኔ ብቻ ነው። ከአራቱ ዕድል አንዱ። ሁለት ዓመት ካልጨረስሽስ? ዓረፍተ ነገሩ ስለዚያ ምንም አላለም። «ካልጨረስሽ አልገዛልሽም» የሚለውን እኛው ነን ከራሳችን የምንጨምረው። አንዲት ልጅ 14 ወር ሠርታ ታማ፣ «ሁለት ዓመት ስላልሞላኝ ቲኬት አይገባኝም» ብላ ወሩን ሙሉ ሳትጠይቅ ቀረች። ወረቀቷን ስናይ ስለ ሕመም ሌላ ገጽ ላይ ሌላ ቁጥር ነበረው። እሷ ያነበበችው አንዱን «ከ…» ነበር፣ የቀረውን በፍርሃት ሞላችው። «ከጨረስሽ ብቻ» ተብሎ ከተጻፈ ሌላ ነገር ነው፤ «ብቻ» በሩን ከሌላው ወገንም ትዘጋለች። ስለዚህ ወረቀት ስታነቡ «ብቻ»ን በእርሳስ አስምሩባት።

ሁለተኛው ደግሞ በእኔ የደረሰ ነው። የመጀመሪያው ቤቴ፣ ገና ስድስት ወሬ። ማዳም የጣት ቀለበት ጠፋባት። ጠርታ ጠየቀችኝ፣ እኔ ተንቀጠቀጥኩ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዐረብኛውም ጠፋኝ። «የሰረቀ ሰው ይደነግጣል። አየሽ፣ ደነገጥሽ!» አለች። በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ቀለበቱ ከአራት ቀን በኋላ ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ተገኘ፤ ይቅርታ አልተባልኩም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ዓመታት አስቤባታለሁ። «የሰረቀች ከሆነ ትደነግጣለች» እውነት ነው እንበል። «ደነገጠች» እሱም እውነት ነው። «ስለዚህ ሰርቃለች» አይከተልም! የሰረቀ ይደነግጣል፤ ያልሰረቀም ይደነግጣል፤ ፓስፖርቷ ሰው እጅ ያለ ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትደነግጣለች። «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል» ማለት መሬቱ በረጠበ ቁጥር ዘንቧል ማለት አይደለም፤ እዚህ ሙስካት መሬት የሚረጥበው አትክልተኛው ቱቦ ሲከፍት ነው። «ከ…»ን ገልብጦ ማንበብ አይቻልም። ይሄን ያን ቀን ባውቀው ኖሮ ማዳም ትሰማኝ ነበር አልልም። እኔ ግን ሌሊቱን «ምናልባት አንድ ነገር አድርጌ ይሆን?» እያልኩ አላድርም ነበር።

እንግዲህ ወደ ደንባችን። «ከሥራ የወጣች ወይም የታመመች እና ስድስት ወር ያዋጣች አባል።» ሦስት ነገር አለ፣ በሁለት ቃል ተያይዟል። ሒሳብ ላይ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ስንት ነው? ማባዛቱ ይቀድማል ከተባለ 14፤ መደመሩ ይቀድማል ከተባለ 20። ቅንፍ ከሌለ ጠብ ነው። የእኛም እንደዚያው፦

(ከሥራ የወጣች ወይም የታመመች) እና ስድስት ወር ያዋጣች። እንዲህ ካነበብነው ስድስት ወር ለሁሉም ግዴታ ነው፤ እህታችን አይገባትም።

ከሥራ የወጣች ወይም (የታመመች እና ስድስት ወር ያዋጣች)። እንዲህ ካነበብነው ስድስት ወሩ ለታመመችው ብቻ ነው፤ እህታችን ይገባታል።

በሎጂክ ልማድ ቅንፍ ካልተጻፈ «እና» ትቀድማለች፣ ልክ ማባዛት መደመርን እንደሚቀድመው። በዚያ ልማድ ከሄድን ሁለተኛው ንባብ ነው ትክክል፣ የከለከልኳት በስህተት ነው ማለት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፦ ደንቡን የጻፍነው ሰባት ሴቶች እዚህ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ነው፣ ስለ ልማዱ ያወቀ አልነበረም። ምን አስበን እንደጻፍነው መስራቾቹን ጠየቅኳቸው። ሦስቱ አንዱን አሉኝ፣ ሁለቱ ሌላውን፣ አንዷ «እኔ እንጃ፣ ሻይ እየቀዳሁ ነበር» አለች። ቅኔ ቢሆን ሁለት ትርጉሙ ያስመሰግነን ነበር፤ ሰምና ወርቅ ለገንዘብ ደብተር ግን አይሆንም።

ሎጂክ የትኛውን መምረጥ እንዳለብን አይነግረንም። አዲስ አባል ገብታ በሳምንቱ «ከሥራ ወጣሁ» ብትል ሳጥኑ ይችላል ወይ የሚለው የኪሳችን ጥያቄ ነው፤ ከሥራ የወጣች ልጅ ወር አስቆጥረን ውጭ እናሳድራት ወይ የሚለው ደግሞ የልባችን። ሎጂክ የሚያደርግልን የመረጥነውን አንድ ብቻ ትርጉም ባለው አማርኛ መጻፍ ነው። ሁለት አማራጭ ጽፌ አምጥቻለሁ፦

አንደኛ፦ «ስድስት ወር ያላዋጣች አባል እርዳታ አታገኝም። ስድስት ወር ያዋጣች አባል ከሥራ ከወጣች ወይም ከታመመች 50 ሪያል ትረዳለች።»

ሁለተኛ፦ «ከሥራ የወጣች አባል፣ ያዋጣችው ስንት ወርም ቢሆን፣ 50 ሪያል ትረዳለች። ከሥራ ያልወጣች ነገር ግን የታመመች አባል ስድስት ወር ካዋጣች 50 ሪያል ትረዳለች፤ ካላዋጣች አትረዳም።»

ታማም ከሥራም የወጣችስ? ያዙልኝ ያልኳችሁ የደወሉ ነገር ይሄ ነው። ሁለቱም በር ቢጫን ደወሉ አንድ ነው፣ 50 ሪያል። 100 ይሁን የምትሉ ካላችሁ በግልጽ ይጻፍ፣ በኋላ ደብተር ላይ እንዳንጣላ።

የእኔ ድምፅ ለሁለተኛው ነው። ከሥራ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ማደሪያም ያጣል፤ የታመመች ቢያንስ አልጋ ሊኖራት ይችላል። የማይስማማ ይከራከረኝ።

የእህታችን 50 ሪያል ግን ከዚህ ድምፅ ጋር አይያያዝም። የትኛውንም ደንብ ብትመርጡ የሚሠራው ከዛሬ ወዲያ ነው። እሷ በጠየቀች ጊዜ ደንቡ ሁለት ንባብ ነበረው፣ በአንደኛው ንባብ ሌላ ሰው ከፍለናል። ስለዚህ ከሳጥኑ እንዲከፈላት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሳጥኑ ይቅር ካላችሁ እኔ በየወሩ 5 ሪያል፣ አሥር ወር እከፍላለሁ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝና። ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም፤ ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። «ዋናው ገንዘቡ አይደለም፣ ከደብተሩ ላይ ‹አይገባትም› የሚለው ይሰረዝልኝ» ነው ያለችኝ።

ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው አርብ ነው። መምጣት የማትችሉ በድምፅ መልእክት «አንደኛ» ወይም «ሁለተኛ» በሉ፤ እባካችሁ «ሁለቱም ጥሩ ነው» እንዳትሉኝ። ሁለቱም ደብተሮች፣ አሮጌውም አዲሱም፣ እዚህ ቡናው አጠገብ ናቸው። ኑና እዩዋቸው።